የኪራይ ተሳቢ

እኔ በወጣትነቴ በኤንትሬ ፊያት ተሳቢ እየጎተትኩ፣ ሚሌንና ማንዳን እያቋረጥኩ አሰብ ወደብ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለፈው ክረምት ልጄን ለመጠየቅ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ሳቫና ከተማ ሄጄ ሦስት ወር ቆየሁ። እሱም የአባቱን ሙያ ይዟል። ከወደቡ አካባቢ መጋዘኖች እየጫነ አትላንታ ያደርሳል፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው።

ጎታቹን መኪና በብድር ገዝቶታል። ተሳቢው ግን በወር የሚከፈልበት የኪራይ መሆኑን ስሰማ ከፋኝ። «የሰው ዕቃ እየጎተትክ እስከ መቼ?» አልኩት። እሱና ምራቴ ለቤት መግዣ ያጠራቀሙት ገንዘብ እንዳለ አውቃለሁና «በዚያ ተሳቢ ግዛበት» ብዬ ወጥሬ ያዝኩት። ምራቴ ቡናውን አቅርባልኝ ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን ምሳ በዝምታ ተበላ።

ልጄ በማግሥቱ አብሬው እንድሄድ ጋበዘኝ። የሳቫና ጋርደን ሲቲ የኮንቴይነር ማራገፊያ፣ በአንድ ድርጅት ከሚተዳደሩት መካከል በሰሜን አሜሪካ ትልቁ ነው። በአውራ ጎዳናዎቹ ግራና ቀኝ የመጋዘን ጣሪያ ብቻ ነው የሚታየው። በአቅራቢያው ሃዩንዳይ የከፈተው የመኪና ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ2024 ማምረት ጀምሯል።

«ታዲያ ሥራው እንዲህ ከሞላ ለምን አትገዛም?» አልኩት።

«አባዬ፣ ጭነቱ አንድ ዓይነት አይደለም» አለኝ። «ለካርቶን ዕቃ ዝጉ ተሳቢ፣ ለሥጋና ለፍራፍሬ ማቀዝቀዣ ያለው፣ ለብረት ደግሞ ጠፍጣፋው ያስፈልጋል። ሥራ ሲቀዘቅዝ የኪራዩን መልሼ ክፍያ አቆማለሁ። የገዛሁት ከሆነ ግን ቆሞም ወጪ አለው።»

እኛ ሁሉንም በአንድ ተሳቢ፣ ከላይ ሸራ አልብሰን ነበር የምንጭነው። ነገሩ ገባኝ፤ አፌ ግን እሺ ለማለት አልቸኮለም።

በሁለተኛው ወር ልጄ ተሳቢውን ሲመልስ የኋላ በሩ ማጠፊያ ተጣሟል ተብሎ 1,400 ዶላር ተጠየቀ። ጉዳቱ ሲረከበው የነበረ ነው። ነገር ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ጭነት እንዳያመልጠው ተቻኩሎ ሳያይ ፈርሞ ነበር። ማስረጃ ስላልነበረው ከፈለ። ማታ ምራቴ ሒሳቡን ስትጽፍ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያኔ ነው በራሴ የተናደድኩት። ግዛ እያልኩ ከመጨቃጨቅ፣ የማውቀውን ማስተማር ነበረብኝ። እኔ በዘመኔ መኪናዬን ሳልዞር፣ ጎማውን በዱላ ሳልመታ ተነስቼ አላውቅም።

ቀጣዩን ተሳቢ ስንረከብ አብሬው ሄድኩ። 16 ሜትር ርዝመት ያለውን ሳጥን ሁለት ጊዜ ዞርነው። ጎማውን፣ የፍሬን ቱቦውን፣ መብራቱን፣ በሩን፣ ወለሉን አየን። ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋንና ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ፈለግን፤ ብርሃን የሚያስገባ ዝናብም ያስገባል። አንድ የተበላ ጎማ አገኘን። ፎቶ አነሳነው፤ ሠራተኛው በርክክቡ ወረቀት ላይ እስኪጽፈው ድረስም ልጄ አልፈረመም።

ልጆቻችሁ በዚህ ሥራ ላይ ካሉ እነዚህን ጠይቋቸው። የመኪናው ኢንሹራንስ የተከራዩትን ተሳቢ ጉዳት ይሸፍናል? ብዙ ጊዜ ለብቻው መግባት አለበት። ጎማና ፍሬን ሲያልቅ የሚከፍለው ማነው? የዓመቱ ምርመራ ወረቀት አለ? ተሳቢውን ለመመለስ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል? መያዣው ገንዘብ መቼ ይመለሳል?

ከመምጣቴ በፊት ምራቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ገንዘቡ የቤታችሁ ነው፤ አትንኩት» አልኳት። ሳቅ ብላ ሦስተኛውን ቡና ቀዳችልኝ።

አሁን ልጄ ተሳቢ በተረከበ ቁጥር ፎቶውን ይልክልኛል። የልጅ ልጄን ፎቶ ከማየቴ በፊት ጎማውን ነው የማየው። ባለፈው ሳምንት የግራ የኋላውን አልወደድኩትም። ነገርኩት፤ አስቀየረው።