ከሒሳብ ሸሽቶ ባዮሎጂ?

የትምህርት ክፍል ምርጫ በደረሰ ቁጥር በዩኒቨርሲቲ ዶርሞች አንድ ምክር ከአልጋ አልጋ ይዞራል፦ «ሒሳብ ካስመረረህ ባዮሎጂ ግባ፤ ሸምድደህ ትወጣዋለህ።» የሚገርመው፣ መካሪው አብዛኛውን ጊዜ የክፍሉን የኮርስ ዝርዝር አይቶት አያውቅም።

ተረት፦ ባዮሎጂ የገባ ሒሳብን ተገላገለ።

እውነታ፦ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ገና በፍሬሽማን ዓመቱ ሒሳብ ይወስዳል። ክፍሉን ከመረጠ በኋላ ደግሞ ስታትስቲክስ ይጠብቀዋል። ጄኔቲክስ ራሱ የተወለደው ከቆጠራ ነውና። መነኩሴው ግሪጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 በታተመው ጥናቱ 7,324 የአተር ፍሬዎችን ቆጥሯል፤ 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ው ጭምድድ ያሉ ነበሩ። ሲካፈል 2.96፣ ማለትም ሦስት ለአንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያቺ የጎደለች ክፍልፋይ የአጋጣሚ ናት ወይስ ሕጉ ተሳስቷል? የዛሬው ተማሪ ይህን የሚፈትሸው በካይ ስኩዌር ስሌት ነው።

ተረት፦ ኬሚስትሪ ለባዮሎጂ ተማሪ ትርፍ ሸክም ነው።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ውኃው ላይ ይንሳፈፉ ነበር። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ተውሳክ የሚራባው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ይህን ለመረዳት ፓራሳይቶሎጂ ይበቃል። ገዳዩን ለይቶ ለማውጣት ግን ኬሚስትሪ የግድ ነበር፤ የተገኘውም በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው፣ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንና ባዮኬሚስትሪን በባዮሎጂ ዲግሪ ውስጥ ያስገባቸው ይኸው ምክንያት ነው።

ተረት፦ ሁሉም ሽምደዳ ነው።

እውነታ፦ ሽምደዳው አለ፤ እንዶድ እንኳ በመጽሐፉ «ፊቶላካ ዶዴካንድራ» ተብሎ ነው የሚጠራው። ላብራቶሪ ሲገባ ግን የሸመደዱት ብቻ አያወጣም። የሽንኩርት ሥር ጫፍ ተቆርጦ፣ በአሲድ ለስልሶ፣ ቀለም ተነክሮ፣ ስላይድ ላይ በአውራ ጣት ይደፈጠጣል። ጣቱ ትንሽ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይበላሻሉ፤ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ከተሳካ ግን ክሮሞሶሞቹ በማይክሮስኮፕ ሥር ሁለት ጎራ ለይተው ሲለያዩ ይታያሉ። ከዚህ በተጨማሪ የመስክ ጉዞና የመመረቂያ ጥናት አለ።

ተረት፦ በሦስት ዓመት ኮርሱን ጨርሶ መመረቅ ነው።

እውነታ፦ የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ትምህርቱ አራት ዓመት ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኮርስ መጨረስ ብቻውን አያስመርቅም፤ በአገር አቀፉ የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል።

እና የምርጫ ፎርሙን ከመሙላት በፊት ወደ ትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ የኮርሱን ዝርዝር መጠየቅ ይሻላል።