ተጀምሮ ስለ ቀረ የስፌት ሥራ

ባለሙያ ከተባለች እመቤት ቤት ገብቶ የሣጥኗን ክዳን ለሚያነሣ ሰው ከተፈጸመው ሥራ ይልቅ ያልተፈጸመው በዝቶ ይታየዋል። እስከ ግማሹ ተሰፍቶ አክርማው የደረቀ መሶብ፥ ለጋቢ ታስቦ በሦስት ልቃቂት የቀረ ፈትል፥ አንገቱ ተጠልፎ እጅጌው ባዶውን የተቀመጠ ቀሚስ፤ ሁሉም «ከበዓል በኋላ» እየተባለ ዓመት ዓመትን ሲተካ በላይ በላዩ ይከመራል። ባለቤቲቱም ክዳኑን በከፈተች ቍጥር ታፍራለች፤ ባሏም ጨዋታ በተነሣ ጊዜ ሣጥኑን ይጠቅስባታል። ነገር ግን በዚህ ጕዳይ እኛ ወንዶች ብዙ ባንናገር ይሻላል፤ በየጽሕፈት ቤቱ በጠረጴዛችን ላይ «ይቈየን» ብለን ያስቀመጥነው ወረቀት ስንት እንደ ሆነ የሚጠይቀን ቢገኝ መልሳችን አጭር አይሆንምና።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ስለሚበዛበት ስለ አንድ ዐይነት ስፌት ነው። ይኸውም የእንግሊዝና የአሜሪካ ሴቶች ኵዊልት የሚሉት፥ ቍራጭ ጨርቅ ከቍራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሠራው የአልጋ ልብስ ነው። በቋንቋችን የቅርብ ዘመዱ ድሪቶ ነው። ድሪቶ ሲባል ግን የሚታየን ድኻ በቅዳጅ ላይ ቅዳጅ ደርቦ ብርዱን የሚያሳልፍበት ልብስ ስለ ሆነ፥ ስሙን ለዚህ ሥራ መስጠት የሚከብደው አይጠፋም። በእነዚያ አገሮችም ድኻው ከአሮጌ ልብስ፥ ባለጠጋው ከሐር ሠርቶታል፤ የእጁ ጥበብ ግን አንድ ነው። ዛሬም የዚህ ሥራ ወዳጆች ሁለት ሲገናኙ አስቀድመው የሚጠያየቁት ስለ ጨረሱት ሳይሆን ጀምረው ስለ ተዉት ነው ይባላል፤ ባየነው መጠን እውነት ነው።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመጣል። ኵዊልት ሦስት ንብር ነው። ከላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ጨርቅ በልክ እየተቈረጠ ይገጣጠማል፤ ከመካከል ባዘቶ ይነጠፋል፤ ከታች ገበር ይሆናል። ሦስቱ ተደራርበው ለጊዜው በረዣዥም ስፌት ከተያያዙ በኋላ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ስፌት ይሰፋሉ፤ በመጨረሻም ጠርዙ ይቀመቀማል። አሁን ደስታው ከወዴት እንደሚገኝ አንባቢ ያስተውልልን። ቀለም መምረጥ፥ ቀዩን ከሰማያዊው አጠገብ አኑሮ ማየት፥ የመጀመሪያውን ቍራጭ ከሁለተኛው መግጠም ደስታ ነው፤ ይህም ሁሉ በመጀመሪያው ላይ ነው። ድካሙ ግን በመጨረሻው ነው። የጥጥ ባዘቶ፥ ስፌቱ ከተራራቀበት፥ በታጠበ ጊዜ እየሸሸ በአንድ ወገን ስለሚቋጠር የቀድሞ ሴቶች መስመሩን እጅግ አቀራርበው ይሰፉት ነበር፤ ለአንድ አልጋ የሚሆነውን በእጅ ሰፍቶ መጨረስም የብዙ ወራት ሥራ ነው። ስለዚህ የላዩ ጨርቅ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ታጥፎ ይቀመጣል፤ እጅም ወደ አዲስ ቀለም ይሄዳል። ነገሩ ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላው ባልተጀመረም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። እንግሊዞች ከጥንት በያዙት አንድ ዐይነት አሠራር፥ እያንዳንዱ ቍራጭ ጨርቅ በወረቀት ልክ ላይ ታጥፎ ለጊዜው ይሰፋል፤ ከዚያም ጠርዝ ከጠርዝ ይያያዛል፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ከተያያዘ በኋላ ወረቀቱ ይወጣል። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን ለዚህ የሚቈረጠው አሮጌ ደብዳቤ፥ የሒሳብ መዝገብና የልጆች የትምህርት ደብተር ነበር። ሥራው ሳይፈጸም ከቀረ ወረቀቱም ከነጽሕፈቱ በውስጡ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ የታሪክ ዐዋቂዎች በብዙ ስፍራ ካለቀው ይልቅ ያላለቀውን ይመረምራሉ፤ ዘመኑንም ከወረቀቱ ያገኙታል። በብሪታንያ የኵዊልት ሠሪዎች ማኅበር ዘንድ የሚጠበቅ፥ 1718 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተሰፋበት የሐር የአልጋ ልብስ አለ፤ ወረቀቱ ሦስት መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ከውስጡ አልወጣም። እርግጥ ነው፥ ለታሪክ ዐዋቂ ይጠቅም ይሆናል ብላ ሥራዋን የተወች ሴት የለችም፤ እኛም ሰበብ ይሁናት ብለን አልጻፍነውም።

ያ የመጨረሻው ድካም ድሮ የአንድ ሰው ሸክም አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ገጠር ሴቶች የላዩን ጨርቅ እያንዳንዳቸው በቤታቸው ሲገጣጥሙ ከርመው፥ ሦስቱን ንብር ለመስፋት ግን ጎረቤት ይጠሩ ነበር። ትልቅ የእንጨት ክፈፍ ተተክሎ ጨርቁ ይወጠርበታል፤ ሴቶቹም በዙሪያው ተቀምጠው ወሬ እያወሩ ይሰፋሉ፤ ባለቤቲቱ ታበላለች፤ ተራዋም ሲደርስ ለሌላይቱ ትሄዳለች። ከእኛ ደቦ የሚለየው በእርሻ ፈንታ መርፌ በመሆኑ ነው። በኋላ የልብስ ስፌት መኪና መጣ፤ ሲንጀር የራሱን መኪና ባለመብትነት ያገኘው በ1851 በፈረንጅ አቈጣጠር ነበር። በዘመናችንም ሦስቱን ንብር አንድ ላይ የሚሰፋ ረዥም ክንድ ያለው መኪና አለ፤ ባለመኪኖቹ የሰው ሥራ ተቀብለው በዋጋ ይሰፋሉ። ይህን እንደ ነውር የሚቈጥሩ አሉ፤ «ሌላ እጅ ከገባበት የእኔ አይደለም» ይላሉ። እኛ ግን ነውሩ አልታየንም። ባላገሪቱ ፈትላ ለሸማኔ ስትሰጥ፥ ጋቢው ተሠርቶ በመጣ ጊዜ «የሸማኔው ነው እንጂ የእኔ አይደለም» ስትል የሰማ ማን ነው?

ከዘመዶቻችን አንዲቱ በዋሺንግተን አጠገብ ብዙ ዘመን የኖሩ ሴት ናቸው። ይህን ስፌት የተማሩት ከጎረቤታቸው ከአንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ነው። ባለፈው ጊዜ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ዐይናቸው መድከም ጀምሮ ነበርና ያከማቹትን ሁሉ መልክ ሊያስይዙት ቈርጠው አገኘናቸው፤ እኛንም ጫፍ ያዦች አደረጉን። አሠራራቸው ደስ ስላሰኘን እንደ አየነው እንጽፈዋለን።

አስቀድመው ከየሣጥኑና ከየቁም ሣጥኑ ሁሉንም አወጡና በአልጋው ላይ ዘረጉት። እስከዚያ ቀን በአሳባቸው አምስት ወይም ስድስት ነበር፤ ሲቈጠር ዐሥራ አንድ ሆነ። ጥቂት ከሣቁ በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ቍራጭ ወረቀት በመርፌ ያዙበት፤ ለማን እንደ ተጀመረ፥ ምን ላይ እንደ ቆመና ምን እንደ ጐደለው ጻፉበት። ጥቅሙ ወዲያው ታየ። ሦስቱ የቀራቸው ጠርዝ መቀምቀም ብቻ ነበር፤ አንዱ ከሁለት ምሽት አይበልጥም። አንድ የሁለት ምሽት ሥራ ሰባት ዓመት ሲያሳፍራቸው ኖሯል። እነዚህን ከሁሉ አስቀደሙ። የላያቸው ጨርቅ ተገጣጥሞ ያለቀ ሦስት ደግሞ ለባለመኪናው እንዲሰጡ ወሰኑ።

ሁለቱን ግን ከቶ አልወደዷቸውም። አንደኛው በርካሽ ዋጋ ስለ ተገኘ ብቻ በተገዛ ጨርቅ የተጀመረ ነው። ሁለተኛውን አንሥተው «ለክርስትናው የጀመርኩለት ልጅ ዛሬ መኪና ይነዳል» አሉን። እንደዚህ ያለውን መጨረስ ለሥራው መታመን ሊመስል ይችላል፤ በእኛ ዐይን ግን የቀረውን የዐይን ብርሃን በማይወዱት ነገር ላይ ማባከን ነው። የሕፃኑን ለሌላ አራስ ቤት እንድትጨርሰው ለአንዲት ወጣት ጎረቤት ከነክሩ ሰጧት፤ የርካሹን ጨርቅ ስፌት ፈተው ወደ ቍርጥራጭ ከረጢት መለሱት። ሲፈቱት ፊታቸው እንደ በራ አየን።

የቀሩትን ሁለት፥ አንዱን በእጅ ሊይዙት ሁለተኛውን ሊያስቀምጡት፥ ለየብቻ ከረጢት አደረጉላቸው። በየከረጢቱ ውስጥ ልኩን፥ ክሩን፥ መርፌውንና የተረፈውን ጨርቅ ጨመሩ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ሥራ ቆሞ የሚቀረው በዚሁ ነው፤ የጨርቅ ፋብሪካ አንዱን ንድፍ ጥቂት ጊዜ አትሞ ወደ ሌላ ስለሚያልፍ፥ አንድ ክንድ ቢጐድል ያው ቀለም ከገበያ አይገኝምና። «ከእንግዲህ አዲስ አይጀምሩም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «አልጀምርም ብዬ ብምል እዋሻለሁ፤ አንድ ሳልጨርስ አንድ አልጀምርም ብል ግን እችለዋለሁ» አሉን።

ዐሥረኛው ታጥፎ ሲያበቃ አንድ ቀረ። ነጭ ነው፤ በነጩ መካከል ቀይና ወርቅማ ጥለት እንደ መስመር ያልፍበታል።

«እትዬ፥ ለዚህስ ምን ጐደለው?» አልናቸው።

«ምንም አልጐደለው፤ መቀስ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ባረፉ ጊዜ ስድስት ነጠላ ከአዲስ አበባ ደረሳቸው። አራቱን ቈርጠው ገጣጠሙ፤ ሁለቱን ግን መቍረጥ አቃታቸውና ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ። የሸማኔ ሥራ ልል ስለ ሆነ በተቈረጠበት ይተረተራል፤ ጠንካራ እንዲሆን በስተኋላው ስስ ጨርቅ ይሰፋበታል፤ ይህን ያውቁታል። የቸገራቸው እርሱ አልነበረም። «ወንድሜ፥ ሽታዋ ገና አልለቀቀውም» አሉን፤ እኛም ዝም አልን።

በአሜሪካ በአላባማ ወንዝ መታጠፊያ ጊስ ቤንድ የሚባል የጥቍሮች መንደር አለ። የዚህ መንደር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሚሰፉት ኵዊልት በ2002 በፈረንጅ አቈጣጠር በሂዩስተንና በኒው ዮርክ በታላላቅ ሙዚየሞች ታይቶ በብዙ ተመስግኗል። ከእነርሱ አንዱን የሰፉት ሚዙሪ ፔትዌይ የሚባሉ ሴት ናቸው፤ በ1942 ባላቸው በሞቱ ጊዜ የእርሻ ልብሳቸውን ቀድደው ገጣጥመው የአልጋ ልብስ አደረጉት። ልጃቸው እንደ ተናገረችው አሳባቸው ባላቸውን ለማስታወስና በፍቅራቸው ሥር ለመተኛት ነበር። ይህን ለዘመዳችን ነገርናቸው። «እርስዋ የምትለብሰው አልነበራትም ይሆናል» ብለው መለሱልን፤ ክፉ መልስ አልነበረም።

የቈረጠላቸው ሌላ ነገር ነው። በ2022 በፈረንጅ አቈጣጠር ሁለት አሜሪካውያት ወዳጆች ሉስ ኤንድስ የሚባል ማኅበር አቋቁመዋል፤ ስሙ ያልታሰሩ የክር ጫፎች እንደ ማለት ነው። ሰው ሞት ወይም ሕመም ቀድሞት የተወውን የእጅ ሥራ፥ ኵዊልትም ሹራብም ቢሆን፥ ሙያው ያላቸው ሰዎች ያለ ዋጋ ተቀብለው ጨርሰው ለቤተ ሰቡ ይመልሳሉ፤ ፈቃደኞቹም በልዩ ልዩ አገር ይገኛሉ። ዘመዳችን ይህን ከሴት ልጃቸው ሰምተው ኖሮ፥ «እኔ ብሞት ይህን ነጭ ጨርቅ ለማያውቀኝ ሰው ትሰጠዋለች፤ ሰውየውም ጥለቱ የማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይቈርጠዋል» ሲሉ ቈዩና ወረቀት አንሥተው ጻፉ። የእናታቸውን ስም፥ ነጠላው የተሠራበትን ስፍራና ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን ጻፉበት፤ በመርፌም ያዙት። ከዚያም ምሳ አቀረቡልን፤ ስለዚህ ነገር ሌላ አልተነጋገርንም።

ከሁለት ወር በኋላ በስልክ አገኘናቸው። አምስተኛውን ነጠላ ቈርጠውታል። ስድስተኛውን ግን ሳይነኩት ቀርተዋል፤ ስለዚህም የአልጋ ልብሱ ካሰቡት አጠረ፤ ከትራሱ እስከ ጕልበት ይደርሳል እንጂ እግር አይሸፍንም። ጠርዙን በገዛ እጃቸው ቀምቅመው ጨርሰውታል። ስድስተኛውን ነጠላ እሑድ እሑድ ይለብሱታል።