ፖስት ከማድረጋችን በፊት፦ ሕጉ የሚለውና የማይለው

አምና አንደኛ ዓመት ሳለሁ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ሠርቻለሁ። ፌስቡክ ላይ የአንድ አባት ፎቶ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር አየሁ። የአንዲት የክፍላችን ልጅ አባት ናቸው። «እናጽናናት» ብዬ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሼር አደረግኩት። ልጅቷ ላይብረሪ ቁጭ ብላ ስልኳን ስትከፍት አየችው። ለካ ዘመዶቿ በወጉ ሊያረዷት ገና መንገድ ላይ ነበሩ።

ታዲያ እኔ ሕግ ጥሼ ነበር? ይህን ለማወቅ ብዬ ነው አዋጆቹን ማገላበጥ የጀመርኩት።

ሕጉ ምን ይላል?

አንደኛው፣ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ፣ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ደግሞ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ሐሰተኛው መረጃ የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ላይክና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም፤ ሼር ማድረግ ግን ከዚህ ነፃ አልተደረገም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ፦ የመረጃውን እውነትነት ለማረጋገጥ ተገቢ ጥረት ላደረገ ሰው ሕጉ ከለላ ይሰጣል። ስለዚህ ማንን፣ መቼ እንደጠየቅን ማስታወሻ መያዝ ይጠቅማል።

ሁለተኛው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ ማሰራጨት፣ ተበዳዩ አቤት ካለ፣ እስከ 3 ዓመት ሊያሳስር ይችላል።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን የማናስበው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ኢንተርኔት ባልነበረበት ዘመን ቢወጣም፣ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ታዋቂ ሰዎችን፣ ባለሥልጣናትንና በአደባባይ የተደረጉ ነገሮችን ከክልከላው ያወጣል። እንግዲህ ስታዲየም የገባ ተመልካችን ማንሳትና ዶርም የተኛ ጓደኛን አንስቶ መልቀቅ አንድ አይደለም ማለት ነው።

ሕጉ የማይለው

ወደ እኔ ጥፋት ልመለስ። ወሬው እውነት ነበር፤ ጥላቻም ስድብም የለበትም። በፎቶው ሰበብ አንቀጽ 27 ይነሳ ይሆናል፤ ልጅቷን የጎዳኋት ግን በፎቶው አይደለም።

በባህላችን መርዶ እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ብዙ ጊዜ ማለዳ ይመረጣል፤ ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገቡ ይቆማል። ወጉ «እውነት ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ማን ይቅደም? ከማን አፍ ይስማ?» ብሎም ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ ጉዳትን መቀነስ ብለን የምንማረው የሙያ ሥነ ምግባር ይኸው ነው። የአደጋ ዜና ሲሠራ ቤተሰብ ሳይሰማ የሟች ስም አይጠራም የምንባለውም ለዚሁ ነው። አያቶቻችን ይህን ያለ ሃንድአውት ያውቁታል።

ስለዚህ ፖስት ከማድረጋችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ? የባለቤቱ ፈቃድ አለኝ? ከሕዝብ በፊት ሊሰማ የሚገባው ሰው አለ? በሁለቱ ላይ ሕጉ ያግዘናል። ሦስተኛው የኅሊናችን ነው።

ፖስቱን ወዲያው አጠፋሁት፤ ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይቅርታ ስጠይቃት «ሰው ሁሉ እያየኝ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ» አለችኝ። ይህን የሚከስ አንቀጽ በየትኛውም አዋጅ ውስጥ አላገኘሁም።