የጌም ገጸ ባሕርያት የአገር ልብስ ሲለብሱ

እንደ ሃያብለ ባሉ የጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች የሚያድግ ልጅ የሶማሌን ድሪያና የአፋርን ሳናፊል ያውቃል። በስልኩ በሚጫወተው ጌም ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው የሌላ አገር ልብስ ነው። የእኛስ ልብስ መቼ፣ በማን እጅ ይገባል? ጥያቄው ከርሟል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የቻይናው ቴንሰንት እ.ኤ.አ. በ2018 ከዱንኋንግ አካዳሚ ጋር ተባብሮ፣ በኦነር ኦፍ ኪንግስ ጌም ውስጥ ያንግ ዩኋን ለተባለችው ገጸ ባሕርይ ከዱንኋንግ ዋሻዎች የግድግዳ ሥዕሎች የተቀዳ ልብስ አወጣ። ሥዕሎቹን የሚያጠኑ ባለሙያዎች በሥራው ነበሩበት።

ኢትዮጵያ በትልልቅ ጌሞች የገባችው ግን በውጭ ኩባንያዎች እጅ ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ2015 ባለ ሾተል ተዋጊዎችን አመጣ፤ ሲቪላይዜሽን 6 በ2020 ዳግማዊ ምኒልክን በአማርኛ አናገረ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለው ኩባንያ ኩኩሉና ገበጣ የተባሉ ጌሞችን ሠርቶ በራስ እጅም እንደሚቻል አሳይቷል።

አዋቂ ከሌለ ምን ይጠፋል?

ነጠላን እንይ። በአዘቦት ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለቅሶ ላይ ወደ አንገት ይዞራል። ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ ይጣፋል፤ ታላቅ ሰው ፊት ሲቀርቡ ይደገደጋል። ለጌም ሠሪው ግን ጥለቱ በገጸ ባሕርይዋ አካል ላይ የሚለጠፍ ምስል ነው። የሚነግረው ካላገኘ የሰርግ አጃቢዋን ለቀስተኛ ያደርጋታል። የአፋር ባለትዳር ሴት ጥቁር ሻሽም እንዲሁ ነው፤ ላላገባች ልጃገረድ ቢደረግ ወግ ያፈርሳል።

ሕጉስ?

የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በባህላዊ እውቀትና ፎክሎር ላይ የሚመክር ኮሚቴ ያቋቋመው በ2000 ነው። በዚያው ድርጅት በ2024 የጸደቀው ስምምነት የጄኔቲክ ሀብትንና ተያያዥ ባህላዊ እውቀትን እንጂ እንደ ጥለት ያሉ ባህላዊ መግለጫዎችን አይሸፍንም። በእነዚህ መግለጫዎች ላይ ያለው ድርድር አሁንም አላለቀም።

በእኛ አካባቢ ባለቤቱም አንድ አይደለም። የኢሳ ሶማሌዎች የቃል ሕግ ሔር ኢሴ በ2024 በዩኔስኮ የተመዘገበው በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ስም ነው። ድንበር ለሚሻገር ልብስም ይኸው መንገድ ይበጃል፦ አንድ መንግሥት የእኔ ብቻ ከሚለው፣ ለባሾቹ በጋራ ቢያስመዘግቡት።

ሕጉ እስኪደርስ መጠበቅ ግን የለብንም። ልብሱን ወደ ጌም የሚያስገባ ሁሉ የአዲስ አበባውን የሽሮ ሜዳ ሸማኔና የአፋርን እናት መጀመሪያ ይጠይቅ፤ ለምክራቸው ይክፈል፤ ስማቸውንም ከሠሪዎቹ ጋር ይጻፍ።