የዳር ከተማ ቤት ለምን ይረክሳል?

የመሀል አዲስ አበባ ኪራይ ያስመረረው ደመወዝተኛ ዓይኑን ወደ ከተማው ዳር መጣሉ አዲስ ነገር አይደለም። ትናንት ዳር ይባሉ የነበሩት አያት፣ ሰሚትና ጀሞ ዛሬ እንደ መሀል እየተቆጠሩ ነው። ቤት ፈላጊው አሁን የሚያማትረው ወደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ነው። ይሁንና በዳር ያለ ቤት የሚረክስበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱ ርቀት፣ ሌላው የሰነድ ጉድለት። ገዢ ሁለቱን ለይቶ ማየት አለበት። ርቀት ይለመዳል፤ የሰነድ ጉድለት ግን የዕድሜ ልክ ቁጠባ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ርቀቱን ለመመዘን ቤቱን እሑድ ከሰዓት አይቶ መመለስ አይበቃም። ሰኞ ጠዋት 12፡30 ላይ ከሰፈሩ ተነሥተው ወደ ሥራዎ ይሂዱ፤ ማታም የታክሲ ሰልፍ ይዘው ይመለሱ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሚደርስ በትክክል የሚነግርዎ ደላላው ሳይሆን የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ነው። የትራንስፖርት፣ የልጆች ሰርቪስና የሮቶ ወጪ ተደምሮ ከኪራዩ የተረፈውን ገንዘብ ሊበላው ይችላል። በአንጻሩ ከየሰፈሩ በዕጣ የተሰባሰቡ ጎረቤቶች ዕድር መሥርተው፣ ልጆች በግቢ ሲጫወቱ ማየት የዳር ኑሮ በረከት ነው።

ወደ ሰነዱ ስንመጣ፣ በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ አለበት። ብዙዎች ይህን ለማለፍ ሙሉ ዋጋ ከፍለው በውክልና ይረከባሉ። ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ወካዩ ከሞተም ውክልናው በመርሕ ደረጃ ያበቃል። ያን ጊዜ ገዢው ፊት ለፊት የሚያገኘው ወራሾችን ነው።

በከተማው ጠርዝ ከአርሶ አደር «የተገዛ» ካርታ አልባ ቦታ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ ቤቱ ቢፈርስ የሚሟገቱበት ውል አይኖርዎትም።

ካርታ ያለው ቤት ሲገዙም ኮፒ አይተው አይርኩ። ማኅደሩ ባለበት ጽሕፈት ቤት የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለበት ያጣሩ። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

ቀብድም በቃል አይሰጥ። ገዢው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በስተቀር ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት።

እንግዲህ ዋጋው ከአካባቢው ሁሉ ዝቅ ያለ ቤት ሲያገኙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ይቀንሳሉ?» ሳይሆን «ለምን ረከሰ?» ይሁን። መልሱ መንገድና ውኃ ከሆነ ሒሳቡን ሠርተው ይወስኑ፤ መልሱ ሰነዱ ከሆነ ግን ቀብዱን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።