የአጥንት ውርስ አድራሻ

ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች ለስብራት እንግዳ አይደሉም። መኪና የገጨው ሰው እግሩ ቢሰበር ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤታቸው ውስጥ አዳልጧቸው ዳሌያቸው የሚሰበር እናት ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ እኩያቸው እንዲሁ ወድቀው በደኅና ሲነሡ የእሳቸው አጥንት ለምን አልቻለም? ምግብ፣ ፀሐይና የሰውነት እንቅስቃሴ ድርሻ አላቸው። በመንታዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን በሰዎች መካከል ካለው የአጥንት እፍግታ ልዩነት ከግማሽ በላዩ በዘር እንደሚወረስ አሳይተዋል።

የትኛው ዘረመል ይሆን? ይህን ለማወቅ አይጥ ተመረጠች። ሰውን ከእገሌ ውለድ፣ ይህን ብቻ ብላ ማለት አይቻልም። አይጥ አርግዛ በ3 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ ልጆቿም በ2 ወር ውስጥ ለመራባት ይደርሳሉ።

ሥራው ከሁለት ዝርያዎች ይጀምራል፤ ለምሳሌ ሲ57 ብላክ 6 እና ዲቢኤ 2 ከሚባሉት። በየዝርያው ወንድምና እህት ቢያንስ ለ20 ትውልድ ሲዳቀሉ ስለኖሩ የአንድ ዝርያ አይጦች ዘረመላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ ዝርያዎች ተዳቅለው ልጆቹ እርስ በርስ ሲራቡ፣ የአያቶቹ ክሮሞሶሞች ክፍላቸውን ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱ የልጅ ልጅ የራሱን ቅልቅል ይዞ ይወለዳል። የዘዴው ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎች የየአይጡን የጭን አጥንት ማይክሮ ሲቲ በተባለ የራጅ መሣሪያ አንሥተው የግድግዳውን ውፍረትና የውስጡን ቀዳዳማ መረብ ይለካሉ። ከዚያም በ20ዎቹ ጥንድ ክሮሞሶሞች ላይ የትኛው ክፍል ከየትኛው አያት እንደመጣ ይመረምራሉ። በአንድ ቦታ ላይ የብላክ 6ን ክፍል የወረሱት አጥንታቸው ከሌሎቹ ከተለየ፣ ልዩነቱም የአጋጣሚ ነው ለማለት የማያስደፍር ከሆነ፣ ቦታው በካርታው ላይ ይሰፍራል።

ቦታው ግን ሰፊ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ዘረመሎችን ሊይዝ ይችላል። አንድ ሰው ልደታ እንደሚኖር አውቆ የቤት ቁጥሩን እንዳለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካዊው ሮበርት ክላይንና ባልደረቦቹ በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ የቤት ቁጥሩን አገኙ፦ አሎክስ 15 የተባለ ዘረመል። የአጥንትን እፍግታ የሚቀንሰው ይህ ዘረመል በዲቢኤ 2 አይጦች ውስጥ በብርቱ ይሠራል። አጥንታቸው በሳሳ አይጦች ላይ ሥራውን በመድኃኒት ሲገቱት አጥንታቸው ተሻሻለ።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው፣ የአጥንትን ርዝመት፣ ውፍረትና የውስጥ መረብ የሚወስኑት ቦታዎች ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸው ነው። በሴቶቹ አይጦች ላይ የሚታይ ውጤት በወንዶቹ ላይ የማይታይበት ጊዜም አለ። ስለዚህ «የጠንካራ አጥንት ዘረመል» የሚባል አንድ ነገር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

በሰው ላይ የተሠሩት ሰፋፊ የዘረመል ጥናቶች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ያተኮሩ ናቸው። አይጧ የጠቆመችው ቦታ ለኢትዮጵያውያን እናቶች ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ የእነሱ አጥንት መለካት፣ የእነሱ ዲኤንኤ መመርመር አለበት።