እህል ጭናችሁ ወደ ወለጋ ለምትሄዱ

ገንዘብ አዋጥታችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያናችሁ ቡድን አደራጅታችሁ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ጊዳ አያና ሄዳችሁ ተፈናቃዮችን ለመርዳት የተነሣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ «ምን ይዘን እንሂድ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በርክታችኋል። ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው። ከምትይዙት ነገር በፊት ግን እዚያ ማን እንዳለ እወቁ።

ወለጋ ላይ መከራ በወረደ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰው ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ የሚመጣ መኪና አይደለም። በ2011 በደመራ ዕለት የአጎራባቹ የካማሺ ዞን አመራሮች ተገድለው ግጭቱ ሲቀጣጠል፣ ከበሎ ጅጋንፎይና ከአካባቢው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ጎረፈ። ሳስጋም፣ ዲጋም፣ ነቀምቴም ሰው ሞላ። ያን ሰው መጀመሪያ ያበላው ያገሬው ሰው ነው። ከጎተራው ቀንሶ፣ ከልጆቹ ብርድ ልብስ ነጥሎ ተቀበለው። የአጥቢያ ቄሶች፣ ሽማግሌዎችና የሴቶች ክፍል የማን ባል እንዳልመጣ፣ የትኛዋ አራስ የት እንዳደረች ያውቁ ነበር። እናንተ የምትሄዱት የእነሱን እጅ ልታበረቱ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉላቸው። መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ምን እንደጎደለ፣ ምን እንደተረፈ ጠይቁ። «አሁን አትምጡ፣ ገንዘቡን ላኩልን» ካሏችሁ፣ ላኩላቸው።

ጥሬ በቆሎ ሲታደል ያየኋትን አንዲት እናት ልንገራችሁ። ድርሻዋን ተቀብላ ከከረጢቱ አጠገብ ቆማ ቀረች። ወፍጮ ቤቱ ያስከፍላል። እሷ ደግሞ ከለበሰችው ልብስና ካዘለችው ልጅ በቀር ምንም ይዛ አልወጣችም። ድስት የላትም፣ ጨውም የላትም። ከበቆሎው ቀንሳ በርካሽ ሸጠችና የቀረውን አስፈጨች። ድስቱን ከቤታቸው ያመጡላት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አዴ» እያለ የሚጠራቸው የአጥቢያዋ እናት ናቸው። በመኪናው ላይ የተጫነው እህል ብዙ ነበር፤ የወፍጮ ሂሳብ ግን ማንም አልያዘም። ዱቄት ግዙ፤ ካልሆነም የማስፈጫውን ጨምሩበት። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጄሪካን፣ የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ አትርሱ። ያረጀ የበዓል ልብስና ተረከዝ ያለው ጫማ ግን እባካችሁ አትጫኑ።

«እኛ የምንሄደው ወንጌል ልንሰብክ ነው፣ እህሉ የመንግሥትና የድርጅት ሥራ ነው» የሚል ወንድም በየቡድኑ አይጠፋም። «እህሉን አድርሰን እንመለስ፣ ሌላው ይቅር» የሚልም አለ። ለሁለቱም የወለጋ ልጅ የሆኑትን የቄስ ጉዲና ቱምሳን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ቦጂ የተወለዱት ቄስ ጉዲና በነቀምቴ የሚሲዮን ሆስፒታል ቁስል እየጠረጉ ሠርተዋል፤ በኋላም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1964 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የውጭ ለጋሾችን በግልጽ ሞገተች። ለልማት ገንዘብ እየሰጣችሁ ወንጌልን ለብቻው የምትተዉት ሰውን ከሁለት ስለከፈላችሁት ነው፤ ሰው ግን አንድ ነው፤ ሥጋውም ነፍሱም አብረው ይታመማሉ፣ አብረው ይድናሉ የሚል ነበር ሐሳቡ። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 በደርግ እጅ ተገደሉ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ዱቄትም ይፈልጋል፣ አብሮት ቁጭ ብሎ የሚያለቅስም ይፈልጋል። አንዱን ሰጥታችሁ ሌላውን አትከልክሉት።

ይህን ስል ግን እህሉ ለስብከት ማባበያ ይሁን ማለቴ አይደለም። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጨፈጨፉ። አብዛኞቹ ቤተሰባቸው በሰፈራ ከወሎ የመጣ አማሮች፣ ብዙዎቹም ሙስሊሞች ነበሩ። እንዲህ ያለ ኀዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው ብርድ ልብስ ሰጥቶ «አሁን እንጸልይልህ» ማለት እጁን መጠምዘዝ ነው። ቀይ መስቀልና የረድኤት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ የሃይማኖት ወይም የፖለቲካ አቋም ማስፋፊያ እንዳይሆን ተስማምተዋል። ጸሎት የሚሻ ራሱ ይጠይቃችኋል፤ ብዙዎች ይጠይቃሉም። ያኔ ጸልዩ። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ከቡድናችሁ አይጥፋ። በአስተርጓሚ የሚነገር ኀዘን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰው እርዳታ ሲቀበል ፊቱን ፎቶ አታንሡ። ከተፈናቃዮቹ መካከል ፎቶው ለጠላቱ መንገድ የሚያሳይበት ሰው አለ።

ወቅቱንም እዩ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትሄዱ የምትሻገሩት የዴዴሳ ሸለቆ ወባ ያለበት ቆላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ የወለጋ ዞኖችም ክፉኛ ተመትተዋል። ከክረምት በኋላ የምትሄዱ ከሆነ አጎበር ያዙ። መድኃኒት ግን በየሻንጣችሁ ይዛችሁ አታድሉ። ጤና ጣቢያውን ጠይቃችሁ የጎደለውን በእሱ በኩል አስገቡ።

ወደ ቀያቸው የሚመለሱትን የምትረዱ ደግሞ የበቆሎ ዘሩን ዝናቡ ሳይገባ አድርሱ። ገበሬው መሬቱን ገልብጦ ዘር ካጣ ያ ቤተሰብ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ እንደገና እርዳታ ጠባቂ ነው። የፋሲካን በዓል ጠብቃችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ዘሩ ቀድሞ ይሂድ፤ እናንተ ኋላ ትደርሳላችሁ።